ደረሰኙ የሚጎድለው ከወዴት ነው? የጅማ ቡና በኦንላይን ገበያ

የጅማ ቡና ከገበሬው ጓሮ ተነስቶ አዲስ አበባ ያለ ጠጪ ጀበና ውስጥ እስኪገባ ብዙ እጅ ይፈራረቅበታል። ሰብሳቢው ከገበሬው ይገዛል፣ አቅራቢው ከሰብሳቢው ይረከባል፣ ቀጥሎ ጅምላ ሻጩና ቸርቻሪው ይቀባበሉታል። አሁን አሁን ይህን መንገድ የሚያሳጥር ነጋዴ ብቅ ብሏል። ጅማ፣ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ተቀምጦ ቡናውን ራሱ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በግማሽ ኪሎ ያሽጋል። ደንበኛውን የሚያገኘው በቴሌግራም ቻናል ወይም በራሱ ድረ ገጽ ነው። ክፍያውን በቴሌብር ይቀበላል፣ ዕቃውን በአውቶቡስ ይልካል። ሥራው እየሰፋ ሲሄድ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ሁላችንም ቫት የምንለው፣ ደጁን ያንኳኳል። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያወራው ለገዢው ስለሚቆረጠው ደረሰኝ ነው፦ ቆረጠ ወይስ አልቆረጠም፣ በማሽን ነው ወይስ በእጅ፣ ተቆጣጣሪ ደንበኛ መስሎ ቢመጣ ምን ይሆናል። ይህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን የቡና ነጋዴውን ዕጣ የሚወስነው ሲሸጥ የሚሰጠው ደረሰኝ ሳይሆን ሲገዛ የማያገኘው ነው እላለሁ። መንግሥትም ነጋዴውም ዓይናቸውን የጣሉት በሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰንሰለቱ የተበጠሰው ግን ከመጀመሪያው፣ ከገበሬው ደጅ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ቫት የመጣበትን ምክንያት ማስታወስ ይጠቅማል። ከእርሱ በፊት የነበረው በአዋጅ ቁጥር 68/1985 የወጣው የሽያጭና ኤክሳይዝ ታክስ ነበር። የሽያጭ ታክስ ትልቁ ጉድለት ታክስ በታክስ ላይ መደረቡ ነው፤ ዕቃው በተሸጋገረ ቁጥር ፊተኛው የከፈለው ታክስ በዋጋው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጥና የኋለኛው በእርሱም ላይ ጭምር ይከፍላል። በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ወጥቶ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 በመቶ ልክ የሽያጭ ታክሱን የተካው ቫት ይህን ለማስቀረት የታሰበ ነው። ነጋዴው ከገዢው ከሰበሰበው ታክስ ላይ እርሱ ሲገዛ የከፈለውን ቀንሶ ልዩነቱን ለመንግሥት ያስገባል። ቅናሹን የሚያስገኝለት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የግዢ ደረሰኝ። ስለዚህ ቫት ከሌሎች ታክሶች ሁሉ ይበልጥ በወረቀት ላይ የቆመ ነው። ወረቀቱ ከመሃል ሲጎድል ስሙ ቫት ሆኖ ጠባዩ የድሮው የሽያጭ ታክስ ይሆናል። በ2016 የወጣው አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 የ1994ቱን ሽሮ ተክቶታል። ከውጭ አገር ሆነው ዲጂታል አገልግሎት ለኢትዮጵያ ተጠቃሚ የሚሸጡትን ሳይቀር ወደ ታክሱ አስገብቷል፤ የግዴታ ምዝገባውን መነሻም ወደ 2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ ከፍ አድርጎታል።

2 ሚሊዮን ሲባል ትንሹን ነጋዴ ነፃ ያወጣ ይመስላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። በ1995 የነበረው መነሻ 500,000 ብር ነበር፤ ዶላሩ 8 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ በነበረበት በዚያ ዘመን ይህ ወደ 58,000 ዶላር ይጠጋል። አዲሱ አዋጅ ሲጸድቅ፣ ብሩ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት፣ 2 ሚሊዮን ብር ከ35,000 ዶላር ብዙም አያንስም ነበር። ዓመት ሳይሞላው ያው ገንዘብ ከ16,000 ዶላር በታች ወረደ። በብር አራት እጥፍ ያደገው መነሻ በዶላር ሲለካ ከቀድሞው ወደ ሩብ ገደማ ተሸርሽሯል ማለት ነው። በቡናው እንለካው። ግማሽ ኪሎ የተቆላ ቡና በ600 ብር ይሸጣል እንበል። 2 ሚሊዮን ብር የሚሞላው 3,333 ከረጢት ሲሸጥ ነው፤ በቀን ዘጠኝ ከረጢት። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚያጣ ለአንድ ከረጢት ወደ 600 ግራም ጥሬ ቡና ይፈልጋል፤ የዓመቱ ፍጆታ 20 ኩንታል፣ በቡናው ገበያ ልኬት 118 ፈረሱላ ገደማ ይሆናል። 118 ፈረሱላ በጅማ ዞን ትልቅ ነጋዴ የሚያሰኝ ቁጥር አይደለም፤ አንድ አይሱዙ ሳይሞላ የሚያልቅ ጭነት ነው። ስለዚህ ትንሽ የሚባለው የኦንላይን ሻጭ ካሰበው ቀን ቀድሞ መነሻውን ይደርስበታል።

ከደረሰበት ደግሞ እንደ ሱቅ ነጋዴ አይሰወርም። እዚህ ላይ የጅማ ታሪክ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሰጠናል። ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጅማን የገዙት አባ ጅፋር ዳግማዊ ሀብታቸውን ካገኙባቸው አንዱ የሂርማታ የሐሙስ ገበያ ነበር። የሲራራ ነጋዴ ወደ ግዛቱ ሲገባ ኬላ ላይ ይቀረጥ ነበር፤ ግብሩ የሚሰበሰበው ሰውና ዕቃ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ያ አስተሳሰብ ዛሬም አልሞተም። የቡና ጭነት ዛሬም ኬላ ላይ መሸኛ ወረቀት ይጠየቃል፤ የካሽ ሬጂስተር ማሽንም በአንድ አድራሻ ተመዝግቦ ባንኮኒ ላይ የሚቀመጥ፣ የሱቅ ውስጥ ኬላ ነው ማለት ይቻላል። የኦንላይን ሽያጭ ግን ቦታ የለውም፤ ያለው ፋና ነው። ትዕዛዙ በመልእክት ተጽፏል፣ ክፍያው በቴሌብር ወይም በባንክ ተመዝግቧል፣ አድራሻው በላኪው መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ጀምሮ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ባፈራበት አገር፣ በሂርማታ ጥግ በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጠው ይልቅ በስልክ የሚሸጠው ለግብር ሰብሳቢ ዓይን የተጋለጠ ነው። በፈረንጆች 2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታና በዌይፌር ክርክር ሻጩ በግዛቱ ውስጥ ሱቅ ባይኖረውም ግዛቱ የሽያጭ ታክስ እንዲሰበስብ ሊያስገድደው ይችላል ብሎ የወሰነው፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2021 ድንበር ተሻጋሪ የኦንላይን ሽያጭን ቫት በአንድ መስኮት ያሰባሰበው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ታክስ ከቦታ ወደ ፋና እየተሻገረ ነው።

ፋናው ግን ያለ ደረሰኝ ዲዳ ነው፤ ገንዘብ መግባቱን ይናገራል እንጂ ለምን እንደገባ አይናገርም። ብዙ ጀማሪ ሻጮች ክፍያ የሚቀበሉት በግል ስልካቸው ወይም በግል ሂሳባቸው ነው። በዚያው ሂሳብ ዱባይ ያለች እህት የላከችው ብር ይገባል፣ ዕቁብ ይገባል፣ ደንበኛ አስይዞ የሰረዘው ትዕዛዝ ገብቶ ይወጣል፣ ለባለሞተሩ የሚሰጥ የማድረሻ ገንዘብ ያልፍበታል። የግብር መርማሪ የባንክ እንቅስቃሴውን ደምሮ ይህ ሁሉ ሽያጭ ነው ቢል፣ አይደለም የሚለውን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በነጋዴው ጫንቃ ላይ ነው። ለኦንላይን ሻጭ ደረሰኝ መቁረጥ መንግሥትን ከማገልገሉ በፊት ራሱን ያገለግላል የምለው ለዚህ ነው። ሽያጭ የሆነውን ከሌላው የሚለይለት በቁጥር የተያያዘ የደረሰኝ መዝገብ ብቻ ነው፤ እርሱም ከመጀመሪያው ቀን፣ ለቫት ከመመዝገቡም በፊት፣ የንግድ ሂሳብን ከግል ከመለየት ጋር መጀመር አለበት።

ለገዢው የሚቆረጠውን የሽያጭ ደረሰኝ ማዋቀር ራሱ የሚታሰበውን ያህል ከባድ አይደለም፤ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ቦታዎች ግን አሉት። ዋናው ዋጋ አጻጻፍ ነው። ድረ ገጹ ላይ 600 ብር ብሎ ለጥፎ ክፍያው ላይ ሲደርሱ 90 ብር ቫት የሚጨምር ሻጭ ገዢውን ያሸሻል፤ ቴሌግራም ላይማ ጭራሽ አይሠራም፣ ገዢው ያየውን ዋጋ ልኮ ጨርሷል። ስለዚህ ከመነሻው 690 ብር ብሎ ቫት ያለበት ዋጋ መጻፍ ይሻላል። ታክሱን ለመለየት ታዲያ 690ን በ15 በመቶ ማባዛት ስህተት ነው፤ 103 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆንና ነጋዴው በየከረጢቱ 13 ብር ከ50 ሳንቲም ከኪሱ ይከፍላል። ትክክለኛው 690ን ለ115 አካፍሎ በ15 ማባዛት ነው፤ 90 ብር ይመጣል። ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሱቅ ውስጥ ገንዘቡ፣ ዕቃውና ደረሰኙ በአንድ ደቂቃ ይለዋወጣሉ። በኦንላይን ገንዘቡ ሰኞ ማታ ይገባል፣ ቡናው ማክሰኞ ይቆላል፣ ረቡዕ ይጫናል፣ ሐሙስ ይደርሳል። ወሩ በእነዚህ ቀናት መሃል ከተለወጠ ሽያጩ የየትኛው ወር የቫት ማስታወቂያ ላይ ይግባ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ክፍያው በተረጋገጠበት ቅጽበት ደረሰኝ መቁረጥና ያንን ልማድ ሳያዛንፉ መያዝ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ትዕዛዝ ሲሰረዝ ወይም ከረጢት ተቀዶ ሲመለስ ደግሞ የቀድሞውን ደረሰኝ ቀዶ መጣል አይቻልም፤ የመጀመሪያውን ቁጥር የሚጠቅስ የተመላሽ ሰነድ ተሠርቶ ታክሱ በዚያ ይስተካከላል። ማድረሻም እንዲሁ ነው፤ ሻጩ ራሱ አስከፍሎ ካደረሰ የዋጋው አካል ሆኖ ታክስ ይሰላበታል፣ ደንበኛው ከባለሞተሩ ጋር በቀጥታ ከተስማማ የባለሞተሩ ሽያጭ ነው። ይህን ድንበር ሳይለዩ ሁሉንም በአንድ ሂሳብ ማስገባት ያልሸጡትን እንደሸጡ ያስቆጥራል።

አስቸጋሪው የማሽኑ ነገር ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ግዴታ የሆነው በ1999 በወጣው ደንብ ቁጥር 139 ነው፤ የታሰበውም ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ለሚገናኙበት ሱቅ ነበር። ሌሊት ስድስት ሰዓት ትዕዛዝ የሚቀበል ድረ ገጽ ጠዋት ማሽኑ ላይ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ትዕዛዙን የሚነካካ ሰው ሲፈልግ፣ ሁለት መዝገብ ተፈጠረ ማለት ነው፤ ሁለት መዝገብ ባለበት ደግሞ አለመግባባት አይጠፋም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷል፤ የገቢዎች ሚኒስቴርም የወረቀት ደረሰኝ ኪውአር ኮድ እንዲኖረው ከማድረግ አልፎ የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓት ወደ ሥራ እያስገባ ነው። ለኦንላይን ሻጩ ትልቁ መፍትሔ ይህ ነው፦ ትዕዛዙን የሚቀበለው ሶፍትዌር ራሱ ደረሰኙን አመንጭቶ ለታክስ ሰብሳቢው ይልካል፣ ገዢው በስልኩ ያገኘዋል። ቅጣቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ደረሰኝ ላልተቆረጠበት ለእያንዳንዱ ሽያጭ 50,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል፤ በያዝነው ምሳሌ የ72 ከረጢት ዋጋ መሆኑ ነው። ለአንድ ከረጢት የ72 ከረጢት ቅጣት የሚያስፈራ ሕግ ባለበት፣ በሽያጭ ደረሰኝ በኩል መንግሥት የጎደለው ኃይል የለም።

አሁን ወደ ግዢ ደረሰኙ፣ ወደ ጉዳዩ ልብ እንምጣ። ያንኑ የ600 ብር ከረጢት እንበትነው። 600 ግራም ጥሬ ቡና በ360 ብር ተገዛ። ከረጢቱ፣ መለያው፣ ካርቶኑና መጓጓዣው 60 ብር ሲሆን የ9 ብር ቫት ተከፍሎበት ደረሰኝ አለው። መብራቱ፣ ሠራተኛው፣ ኪራዩ ተደምሮ 80 ብር ይሁን። ትርፉ 100 ብር ነው። በቫት በኩል ነጋዴው ከገዢው 90 ሰብስቦ 9 ቀንሶ 81 ብር ያስገባል። ብዙዎች ቅሬታቸውን እዚህ ላይ ያነሳሉ፤ ከጠቅላላው ዋጋ ስድስት አስረኛ የሆነው ቡና ምንም ተቀናሽ አላስገኘም ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ይህ ቅሬታ ግማሽ ብቻ ነው ትክክል። ገበሬው ቫት አልሰበሰበም፤ ስለዚህ የሚቀነስ ነገር የለም። ለመንግሥት የሚገባው ጠቅላላ ታክስ ያው የመጨረሻው ዋጋ 15 በመቶ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰው እጅ አለፈ እንጂ ተደራቢ አልሆነም። ተደራቢ የሚሆነው ከገበሬውና ቡናውን ከሚቆላው ነጋዴ፣ ከቆይው፣ መሃል ቫት ከፍሎ የገዛ ነገር ግን ያለ ደረሰኝ የሚሸጥ ሰው ሲገባ ነው፤ ያ ሰው የከፈለው ታክስ በቡናው ዋጋ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል፣ በላዩ ላይ ሌላ 15 በመቶ ይጫንበታል። ይህ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ቢሆንም ንግድ አይዘጋም።

ንግድ የሚዘጋው በትርፍ ግብር ነው። ነጋዴው ኩባንያ ነው እንበል፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኩባንያ ግብር 30 በመቶ ነው ይላል፤ የሚሰላው ደግሞ በሰነድ የተደገፈ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ነው። የቡናው ግዢ ሰነድ ካለው ከ100 ብሩ ትርፍ 30 ብር ይከፈላል፣ 70 ይተርፋል። ሰነድ ከሌለውና 360 ብሩ ወጪ ተደርጎ ካልተያዘለት በወረቀት ላይ ያለው ትርፍ 460 ብር ይሆናል፤ ግብሩ 138 ብር። ነጋዴው ካተረፈው በላይ ይከፍላል ማለት ነው። ለምን ይሆን ታዲያ ብዙ ሻጭ ሽያጩን የሚደብቀው? ክፋት ያለበት አይጠፋም። ነገር ግን ግዢው በሰነድ ሳይታይ ሽያጩ ብቻ ሙሉ በሙሉ የሚታይበት ሰው፣ ሽያጩን መደበቅ የሕልውና ጉዳይ ይሆንበታል። የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ የሽያጩን ብርሃን ባበራ ቁጥር የግዢው ጨለማ ይበልጥ ይጎዳል። ሥርዓቱ በአንድ ወገን ብቻ ከዘመነ፣ ታማኙን ነጋዴ ቀድሞ የሚያስወጣ ይሆናል፤ ሁሉን ደብቆ ቡናውን በስኒ እየሰፈረ የሚሸጠው ይተርፋል።

ገበሬው ደረሰኝ አይሰጥም ሲባል መወቀስ ያለበት እርሱ አይደለም። በጎማ፣ በማና ወይም በጌራ ወረዳ ከሄክታር ያነሰ ማሳ ላይ እሸት ለቅሞ የሚሸጥ ሰው መዝገብ እንዲይዝ ሕጉም አያስገድደውም፣ አቅሙም አይፈቅድለትም። ነገሩ የሚፈታው በገዢው በኩል ነው። ደረሰኝ ለማይሰጥ ሻጭ ገዢው ራሱ የግዢ ደረሰኝ ቆርጦ ሻጩን የሚያስፈርምበት አሠራር በአገራችን አዲስ አይደለም። ያለው ግን በወረቀት፣ ከግብር መሥሪያ ቤት በሚፈቀድ ጥራዝ፣ በመርማሪ መልካም ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ኬንያ የወሰደችው መንገድ እዚህ ሊጠቀስ ይገባል። ኢቲምስ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሥርዓቷን ስታስፋፋ ከፈረንጆች 2024 መግቢያ ጀምሮ በሥርዓቱ ያልተቆረጠ ደረሰኝ ወጪ ሆኖ አይያዝም አለች። ጫጫታው ወዲያው ተነሳ፤ የሻይና የቡና ገበሬ የት ሄዶ ደረሰኝ ያምጣ? በዚያው ዓመት ማብቂያ ሕጉን አሻሽላ ዓመታዊ ሽያጩ ከ5 ሚሊዮን ሽልንግ ከማይበልጥ ሻጭና ገበሬ የሚገዛ ሰው የኤሌክትሮኒክ ደረሰኙን ራሱ እንዲቆርጥ ፈቀደች። እኛ በኬንያ የመጀመሪያ ዓመት ውስጥ ሳናልፍ በሁለተኛው ዓመት መጀመር እንችላለን።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ገዢው ራሱ ደረሰኝ ይቁረጥ ከተባለ የሌለ ገበሬ እየፈጠረ የሌለ ወጪ ይጽፋል የሚል። ተቃውሞው መሠረት አለው፤ ሐሰተኛ ደረሰኝ በአገራችን ራሱን የቻለ ንግድ ሆኖ በፍርድ ቤት የታየ ወንጀል ነው። ነገር ግን ቡና ከሌላው ዕቃ ሁሉ ይልቅ ራሱ ላይ የሚመሰክር ዕቃ ነው። ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይወጣዋል፤ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ስምንት መቶ ግራም ከፍ ይላል እንጂ ኪሎ አይሞላም። ቆይው ሦስት ሺህ ከረጢት ሸጦ የ60 ኩንታል ግዢ ቢያስመዘግብ ልዩነቱን ለማየት መርማሪው ጽሕፈት ቤቱ ቁጭ ብሎ ማካፈል ብቻ ይበቃዋል። የኤሌክትሮኒክ የግዢ ደረሰኝ በገበሬው የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ከተሠራ፣ ክፍያውም በቴሌብር ከወጣ፣ የሌለ ገበሬ መፍጠር ቀላል አይሆንም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከደን ጭፍጨፋ ነፃ ያልሆነ ቡና እንዳይገባ በፈረንጆች 2023 ያወጣው ሕግ፣ ተግባራዊነቱ ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ እንዲታወቅ ስለሚጠይቅ የገበሬ ማሳ ምዝገባ እየተሠራ ነው። ለብራስልስ ሲባል የሚሰበሰበውን መረጃ ለጅማ ገቢዎች መጠቀም ተጨማሪ ድካም አይጠይቅም። የአጋሮ አካባቢ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በጥራታቸው ስም ያተረፉት እነ ዱሮሚና፣ ከአባሎቻቸው እሸት ሲረከቡ በሚዛንና በመዝገብ ነው፤ አንድ ቆይ ከእነርሱ ወይም ከዩኒየናቸው ቢገዛ ሰነዱ ከነሥሩ አለ። ጉዳዩ ከግለሰብ ገበሬ የሚገዛው ላይ ነው።

ሌሎች ተቃውሞዎች እንዲህ አይከብዱም። ትንሹን ነጋዴ ለጊዜው ተዉት፣ ይደግ የሚሉ አሉ። መነሻው በቀን ዘጠኝ ከረጢት መሆኑን ካየን ተዉት የሚለው የተቀደሰ ሐሳብ ነው፤ መነሻውን ከዋጋ ንረት ጋር በየጊዜው የሚያስተካክል አሠራር ቢኖር እደግፋለሁ። መነሻውን ከፍ ማድረግ ግን የግዢ ሰነድ ችግርን ወደፊት ይገፋዋል እንጂ አይፈታውም፤ ያደገው ነጋዴ እዚያው ግድግዳ ላይ ይጋጫል። ኔትዎርክ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል የሚለውም እውነት ነው፤ እሸት በሚገዛበት ቀበሌ ይብሱን። ስልኩ ላይ ተመዝግቦ ኔትዎርክ ሲመጣ የሚተላለፍ ደረሰኝ ግን የቴክኒክ ተዓምር አይደለም። በሂርማታ ያለ ደረሰኝ ከሚሸጠው ጋር እንዴት እወዳደራለሁ የሚለው ነጋዴ ደግሞ ገዢውን ይመልከት። የቦሌ መሥሪያ ቤትና ካፌ ቫት ያለበትን ደረሰኝ የሚፈልገው ለራሱ ተቀናሽና ወጪ ነው፤ ያለ ደረሰኝ በ600 ከሚሸጥለት ይልቅ በ690 ከደረሰኝ ጋር ቢገዛ 90 ብሩ ይመለስለታል፣ ወጪውም ይያዝለታል። ደንበኛው ግለሰብ ብቻ የሆነ ሻጭ ይጎዳል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የተመዘገበ ድርጅት ለሚያቀርብ ግን ደረሰኙ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ነው።

በውጭ ስላለው ደንበኛ አንድ ነገር ማንሳት ያስፈልጋል፣ ብዙ ሻጭ የሚሳሳትበት ስለሆነ። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ቫቱ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚከፍል ሁሉ ቫት የለበትም ብሎ ማሰብ ቀላል ይመስላል። ዜሮው የሚሠራው ግን ዕቃው በጉምሩክ ሰነድ ከአገር መውጣቱ ሲረጋገጥ ነው፤ ቡና ለመላክ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈቃድና የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ዱባይ ያለችው ልጅ ከፍላ ቡናው አጋሮ ላሉት እናቷ ከደረሰ፣ ገንዘቡ ከየትም ይምጣ፣ የአገር ውስጥ ሽያጭ ነው፤ 15 በመቶው አለበት። የከፋዩንና የተቀባዩን አድራሻ ለይቶ የማይመዘግብ ድረ ገጽ ይህን ፈጽሞ ሊለይ አይችልም።

የግዢ ሰነዱ ከግብር ባሻገር ሌላ ጥቅም አለው። የውጭ ገበያ ደረጃ ያለው ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ገደብ ባለበት፣ ያለ መሸኛ የሚጓዝ ቡናም በሚወረስበት አገር፣ ቆይው ይህን ከየት አመጣህ ሲባል የሚያሳየው ወረቀት ያስፈልገዋል። ስለ ገደቡ ተገቢነት ብዙ ማለት ይቻላል፤ እስካለ ድረስ ግን ሰነድ የሌለው ቆይ አንዴ ለገቢዎች፣ አንዴ ለኬላው ሲመልስ ይኖራል።

የጅማ ግለሰብ ነጋዴ ጉዳዩን የሚጨርሰው በከተማው ወይም በወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት እንጂ አዲስ አበባ አይደለም፤ ስለዚህ ለሙከራ ከተፈለገ አጋሮንና ዙሪያዋን ከመምረጥ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ማኅበራቱ አሉ፣ ቆይዎቹ እየበዙ ነው፣ መርማሪዎቹ ቡናን ያውቁታል። የሚያስፈልገው የገዢ የኤሌክትሮኒክ የግዢ ደረሰኝ ለጥቂት ፈቃድ ላላቸው ቆይዎች መፍቀድና በግብር ጊዜ ያለ ድርድር ወጪ አድርጎ መያዝ ነው። ፈቃዱ መቼ እንደሚሰጥ ደግሞ ቡናው ራሱ ይወስናል። የጅማና የሊሙ እሸት በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የተለቀመ እሸት በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ወይም ካልተሰጣ ይበላሻል፣ ገበሬውም ገንዘቡን በዚያው ሚዛን ላይ ይፈልጋል። በነሐሴ ያልተፈቀደ የግዢ ደረሰኝ በጥር ቢፈቀድ፣ የዓመቱ ግዢ ያለ ሰነድ ተፈጽሞ አልፏል፤ ቆይውም ቀጣዩን ዓመት ሙሉ ሽያጩን በደረሰኝ፣ ግዢውን በቃል እያስረዳ ይከርማል።